የሳልሞን ወንዝ ለምን በድንገት ይዘጋል? ከኮሎምቢያ እስከ ግልገል ጊቤ

አሜሪካ፣ ፖርትላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ፈቃድ ከፍዬ አወጣሁ። ዘንግ ገዛሁ። ቅዳሜ ልወጣ ስል ሐሙስ ማታ ወንዙ ተዘግቷል አሉ። ይሄ ምን የሚሉት ሕግ ነው?»

ንዴቱ ይገባኛል። የሳልሞን ማጥመድ ሕግ ለጀማሪ ራስ ያዞራል። ከዚህ ድልድይ በላይ ክፍት ነው፣ ከዚያ በታች ዝግ። ይሄኛውን ዓሣ ያዝ፣ ያኛውን ልቀቅ። ባለፈው ሳምንት በቀን ሁለት ይፈቀድ ነበር፣ ዛሬ አንድ ብቻ። በዚያ ላይ ሕጉ ወቅቱ ሳያልቅ መሀል ላይ ይቀየራል። ከሥሩ ያለው ሐሳብ ግን ቀላል ነው። ጅማ ተቀምጠን ጊቤን ለምናየውም ይጠቅመናል ብዬ ስለማምን ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ከዓሣው እንጀምር። ሳልሞን የሚወለደው ወንዝ ውስጥ ነው። ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ፣ ጠጠር ያለበት ቦታ ይፈልጋል። ከፍ ሲል ወንዙን ተከትሎ ይወርድና ባሕር ይገባል። እዚያ ጥቂት ዓመታት እየበላ ይፋፋል። ከዚያ ይመለሳል፤ ያውም ወደ ተወለደባት ገባር ወንዝ። የተወለደበትን ውሃ ጠረን ስለማይረሳ፣ ወንዝ ከገባ በኋላ እያሸተተ መንገዱን ያገኛል። ወንዝ ከገባ በኋላ መብላት ያቆማል። ባሕር ላይ ባጠራቀመው ስብ ብቻ ሽቅብ ይዋኛል። ሲደርስ ሴቷ በጭራዋ ጠጠሩን ትቆፍርና እንቁላሏን ትጥላለች። ወንዱ ዘሩን ያፈስበታል። ከዚያ ሁለቱም ይሞታሉ። የፓስፊክ ሳልሞን የመውለድ ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። አጥማጁ ወንዝ ዳር ቆሞ የሚይዘው ትልቅ ሳልሞን ሁሉ ሊወልድ በመንገድ ላይ ያለ ዓሣ ነው። አንዱ በተያዘ ቁጥር አንድ ወላጅ ይቀነሳል። ስለዚህ ሕግ አውጪዎቹ በመጀመሪያ የሚጠይቁት፣ ወንዙ በሚቀጥሉት ዓመታት ዓሣ እንዲኖረው ስንት ወላጅ ማለፍ አለበት የሚለውን ነው። ከዚያ የሚተርፍ ካለ ይያዛል። «ወቅት» የሚባለው ትርፉ የሚያዝበት ጊዜ ነው።

ታዲያ ትርፉ እንዴት ይታወቃል? ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው።

በሰሜን አሜሪካ ያለው የኮሎምቢያ ወንዝ ከካናዳ ተራሮች ተነሥቶ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ወደ መጨረሻው የዋሽንግተንና የኦሪገን ክፍለ ግዛቶች ድንበር ሆኖ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይገባል። ዋናው ወንዝ ላይ ብቻ 14 ግድቦች አሉ። ግራንድ ኩሊ የሚባለው ግዙፍ ግድብ ሲሠራ ለዓሣ መተላለፊያ አልተበጀለትም። ከሱ በላይ ያለው ወንዝ ለሳልሞን እንደተዘጋ ቀረ። ከባሕር ሲመጣ መጀመሪያ የሚገኘው ግድብ ግን ቦነቪል ነው። ከወንዙ አፍ 235 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል። ሥራ የጀመረው በ1938 እ.ኤ.አ. ሲሆን ለዓሣ ደረጃ ተሠርቶለታል። ደረጃው አንዱ ካንዱ ትንሽ ከፍ እያለ የተደረደረ የውሃ ገንዳ ነው። ዓሣው ከገንዳ ወደ ገንዳ እየዘለለና እየዋኘ ግድቡን ይሻገራል።

ደረጃው ጎን ላይ መስኮት አለ። ከመስተዋቱ ኋላ ቆጣሪ ይቀመጣል። ዓሣው በፊቱ ሲያልፍ የሳልሞኑን ዓይነት ቺኑክ፣ ሶካይ፣ ኮሆ እያለ በዓይኑ ለይቶ ይመዘግባል። የየቀኑ ቁጥር ለሕዝብ ይወጣል። ማንም ሰው ትናንት ስንት ቺኑክ እንዳለፈ ማየት ይችላል። እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። ያን የሚያህል ወንዝ፣ ያን ያህል ዓሣ፣ ግን ቆጠራው በመስኮት በኩል በሰው ዓይን ይካሄዳል።

ቺኑክ ከሳልሞኖች ሁሉ ትልቁ ነው። ዓመቱን ሙሉ አይመጣም፤ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይመጣል። እስከ ጁን 15 የሚያልፈው የፀደይ ይባላል። ከጁን 16 እስከ ጁላይ 31 የሚያልፈው የበጋ ነው። ከኦገስት 1 ጀምሮ ያለው የመኸር ይባላል። እያንዳንዱ የራሱ ግምት፣ የራሱ ኮታ፣ የራሱ ሕግ አለው። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ሊከፈት የሚችለው ለዚህ ነው።

ግምቱ የሚሠራው ዓሣው ከመምጣቱ በፊት ነው። ከዋና ምልክቶቹ አንዱ ትንንሾቹ ወንዶች ናቸው። አንዳንድ ወንድ ቺኑክ ከእኩዮቹ ቀድሞ፣ ገና ሳያድግ ይመለሳል። እዚያ «ጃክ» ይሉታል፤ ርዝመቱ ከ24 ኢንች፣ ማለትም ከ61 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ዘንድሮ ጃክ በብዛት ካለፈ፣ ባሕር ላይ የቀሩት እኩዮቹም ብዙ ናቸው ማለት ነው። የሚቀጥለው ዓመት ጥሩ ሊሆን ይችላል። የእኛ የቡና ገበሬ የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል አበባውን አይቶ የኅዳርን ምርት እንደሚገምተው ነው። አበባ ደግሞ ሊረግፍ ይችላል። ባሕሩ ሊሞቅ፣ ምግብ ሊጠፋ፣ ግምቱ ሊፈርስ ይችላል።

ለዚህም ነው ለፀደዩ ቺኑክ ከግምቱ ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ የሚጀመረው። ሰው ሁሉ በተቀነሰው ልክ ብቻ እንዲያጠምድ ይፈቀዳል። ቦነቪል ላይ በቂ ዓሣ ካለፈ በኋላ ግምቱ ይከለሳል። በዛ ከተባለ ቀን ይጨመራል። አነሰ ከተባለ ይዘጋል። ውሳኔውን ኦሪገንና ዋሽንግተን በጋራ ይሰጣሉ። ይህን የሚያደርጉበትን ስምምነት የአሜሪካ ኮንግረስ በ1918 እ.ኤ.አ. አጽድቆታል። አስፈላጊ ሲሆን ስብሰባው በጥቂት ቀናት ማስታወቂያ ይጠራና ውሳኔው በዚያው ይወጣል። ሐሙስ ማታ ተሰምቶ ቅዳሜን ያበላሸው ውሳኔ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ፈቃዱ በሕጉ መሠረት የማጥመድ መብት ይሰጣል። የተወሰነ ዓሣ ወይም የተወሰነ ቀን ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ እዚያ የምትኖሩ ዘመዶቻችን፣ የታተመውን የዓመቱን መጽሔት ብቻ አትመኑ። ከመውጣታችሁ በፊት በነበረው ምሽት የድንገተኛ ለውጦችን ገጽ እዩ። ቅጣቱ ቀላል አይደለም፤ «አላወቅሁም» ማለትም አያድንም።

ብዙ ሰው የሚያናድደው ሌላ ነገር አለ። ወንዙ በዓሣ ሞልቶ፣ ዓሣው ፊቱ እየዘለለ፣ ማጥመድ ክልክል ነው ሲባል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልሱ ወንዙ ውስጥ አብረው የሚዋኙት ዓሦች ወደ አንድ ቦታ አለመሄዳቸው ነው። በዋናው ወንዝ አብረው ይጓዛሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ትውልድ ገባሩ ይታጠፋል። አንዱ ገባር ደህና ነው። ሌላው ሊጠፋ አፋፍ ላይ ነው። በኮሎምቢያ ተፋሰስ 13 የሳልሞንና የስቲልሄድ (ባሕር ወርዶ የሚመለስ የሳልሞን ዘመድ) ዘሮች በአሜሪካ የአደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎች ሕግ ጥበቃ ሥር ናቸው። መንጠቆ ደግሞ አይመርጥም። በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩት መሀል ጥቂት መቶ የሳሱት ካሉ፣ የወቅቱን ርዝመት የሚወስኑት እነዚያ ጥቂት መቶዎች ናቸው።

ምን ያህል ሊሳሱ እንደሚችሉ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አይዳሆ በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሬድፊሽ የሚባል ሐይቅ አለ። ከባሕር 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከጅማም ይበልጣል ማለት ነው። ሶካይ የሚባለው ቀይ ሳልሞን እዚያ ለመድረስ ስምንት ግድቦችን ይሻገራል። ምግብ ሳይቀምስ። ሐይቁ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዓሣ ቀለም ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የዚህ አካባቢ ሶካይ ሊጠፋ ነው ተብሎ በሕግ ተመዘገበ። በ1992 ሐይቁ የደረሰው አንድ ዓሣ ብቻ ነበር። አንድ ወንድ። ሰዉ «ብቸኛው ላሪ» ብሎ ስም አወጣለት። ዘሩ ተወስዶ ለማራባት ሥራ ዋለ፤ ዛሬም የሶካዩ ዘር በማራቢያ እየተደገፈ ነው ያለው። እንግዲህ አስቡት። ያ አንድ ዓሣ ኮሎምቢያን ሲያቋርጥ ከብዙ ሺህ ሌሎች ሶካዮች ጋር ተቀላቅሎ ነበር። አንድ አጥማጅ ሳያውቀው ይዞት ቢሆን ኖሮ የዚያ ዓመት ቁጥር ዜሮ ነበር።

«ይሄኛውን ያዝ፣ ያኛውን ልቀቅ» የሚለው ሕግም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በኮሎምቢያ ተፋሰስ የማራቢያ ጣቢያዎች በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን በላይ የዓሣ ጫጩት ይለቃሉ። አብዛኛው ሲለቀቅ ምልክት ይደረግበታል። ጀርባው ላይ፣ ወደ ጭራው ጠጋ ብላ፣ አጥንት የሌላት ለስላሳ ትንሽ ክንፍ አለች። ጫጩቱ ጣት በምታህልበት ጊዜ ያቺ ክንፍ ትቆረጣለች። ዓሣው አድጎ ሲመለስ በቦታዋ የዳነ ጠባሳ ብቻ ይታያል። አጥማጁ ዓሣውን ወደ ጀልባው ካስጠጋ በኋላ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። ከሌለች ከማራቢያ የመጣ ነው፤ ወቅቱ ከፈቀደ መያዝ ይቻላል። ካለች በዱር የተወለደ ሊሆን ስለሚችል በብዙ ወቅቶች መለቀቅ አለበት። ዋሽንግተን ውስጥ መለቀቅ ያለበትን ሳልሞን ሙሉ በሙሉ ከውሃ ማውጣት ራሱ ክልክል ነው። ለፎቶ ከፍ አድርጎ መያዝ አይቻልም። መንጠቆው እዚያው ውሃው ውስጥ ይነቀላል።

የተለቀቀ ዓሣ ሁሉ ግን አይተርፍም። አንዳንዱ ደክሞ፣ አንዳንዱ ቆስሎ ይሞታል። ተቆጣጣሪዎቹ ይህንንም ይቆጥራሉ። ለምሳሌ ያህል ከተለቀቁ 100 ዓሦች 10 ይሞታሉ ብለው ከያዙ፣ አንድ ሺህ የዱር ዓሣ ተይዞ ሲለቀቅ መቶ እንደተገደለ ተደርጎ ይመዘገባል። ለዱር ዓሣ የተፈቀደው የሞት ኮታ ሲሞላ ወንዙ ይዘጋል፤ የማራቢያው ዓሣ ገና ቢተርፍም። «ምንም ሳልወስድ ለቅቄ ነው እኮ» የሚል አጥማጅ በዚህ ይገረማል። ልቡ ንጹሕ ነው። ዓሣው ግን ሊሞት ይችላል።

ሌሎቹን ሕጎች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ዓሣውን በአፉ እንጂ በጎኑ ወይም በሆዱ ወግቶ መያዝ ክልክል ነው። ብዙ ቦታ በሌሊት አይጠመድም። የያዝከውን ዓሣ እዚያው በመዝገብ ካርድህ ላይ ትሞላለህ። በአንዳንድ ቦታና ወቅት ወደ ኋላ የተመለሰ ጥርስ የሌለው መንጠቆ ይታዘዛል፤ ሲነቀል ስለማይቦጭቅ ነው።

ሙቀት ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሳልሞን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። ውሃው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይጨነቃል። በ2015 እ.ኤ.አ. በጋው በጣም ሞቀና በኮሎምቢያና በገባሩ በስኔክ ወንዝ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሶካይ ወደ መውለጃው ሳይደርስ ሞተ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዓሣው ቀዝቃዛ ገባር ወደሚገባበት አፍ እየሄደ ይከማቻል። አጥማጁም ይህን ያውቃል። እዚያ ቢቆም በአንድ ሰዓት የሚይዘውን ሌላ ቦታ በሙሉ ቀን አያገኝም። ለዚህ ነው ከእነዚህ አፎች አንዳንዶቹ በሙቀት ወራት ለአጥማጅ የሚዘጉት።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል። የወንዙ ዓሣ የመዝናኛ አጥማጆች ብቻ አይደለም። የአካባቢው ነባር ተወላጆች የሆኑት የያካማ፣ የኡማቲላ፣ የዎርም ስፕሪንግስና የኔዝ ፐርስ ሕዝቦች በ1855 እ.ኤ.አ. በተፈረሙ ውሎች ሰፊ መሬታቸውን ሲለቁ፣ በቀድሞ የማጥመጃ ቦታቸው የማጥመድ መብታቸውን ግን አስጠብቀዋል። ለብዙ ዘመን ይህ መብት ተጣሰ። ሴሊሎ የሚባለው ፏፏቴያቸው፣ ለሺህ ዓመታት ያጠመዱበት፣ በ1957 በግድብ ውሃ ሰጠመ። በ1969 የኮሎምቢያን ጉዳይ ያየው ፍርድ ቤት ፍትሐዊ ድርሻ እንዲኖራቸው ፈረደ። በ1974 ዳኛ ቦልት በዋሽንግተን በሌላ መዝገብ ድርሻው ሊያዝ ከሚችለው እስከ ግማሽ ነው አለ። ስለዚህ የመዝናኛ አጥማጁ ኮታ የሚሰላው ለመውለድ የሚያልፈውና የእነዚህ ሕዝቦች ድርሻ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ይህ በጎ ፈቃድ ሳይሆን የተከበረ ውል ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሳልሞን የለም። ዘመዱ ትራውት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቋል፤ እሱም የሚጠመደው ለመዝናኛ ነው። ነገር ግን ከሐይቅ ወደ ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ የሚወልድ ዓሣ የራሳችን አለን። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የሚሉት፣ በሳይንስ ስሙ ላቤኦባርበስ የሚባለው ነው። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ 15 ያህል ዓይነቶች አሉት። ቢያንስ ሰባቱ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መሰል ገባሮች እየወጡ ጠጠር ላይ ይወልዳሉ። በ1986 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ በሞተር ጀልባ መረብ ጥሎ ማጥመድ ተጀመረ። አጥማጁ ዓሣው መቼና የት እንደሚሰበሰብ ቶሎ ገባው። ክረምት፣ የወንዝ አፍ። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የእነዚህ ስደተኛ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ከኮሎምቢያው ታሪክ የሚለየው የሚቆጥር መስኮት አለመኖሩ ነው።

እኛስ? የጅማው አዌቱ ቦዬ ረግረግ ይገባል፣ ከዚያ ግልገል ጊቤን ያገኛል። ግልገል ጊቤ ወደ ትልቁ ጊቤ፣ ከዚያም ወደ ኦሞ፣ ከዚያ ቱርካና ሐይቅ። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰፊ ሐይቅ ፈጥሮልናል። ዓሣ ይጠመድበታል። የከተማችን ምግብ ቤቶች ጥብስና ጉላሽ ያቀርባሉ፤ በሁዳዴ ደግሞ ፈላጊው ይጨምራል።

ስለ መዝጋት ከተነሣ አንድ ቀን ለሁሉም ዓሣ አይሠራም። የጣናው ነጭ ዓሣ ዘመድ የሆነው የእኛው ባርበስ ዝናብ ሲበረታ ወደ ገባር ወንዝ ይወጣል። እሱን የሚያድነው የወንዙ አፍ ለተወሰኑ ሳምንታት ከመረብ ነፃ መሆኑ ነው። አምባዛ በጎርፍ ጊዜ በሌሊት ወደ ተጥለቀለቀ ሣር ወጥቶ ይወልዳል። ስለዚህ ዳር ዳሩን ያለው ሣር መታረሱና መታጠሩ ይጎዳዋል። ቆሮሶ ደግሞ ወንዝ አይወጣም። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ጎድጓዳ ይሠራል፣ ሴቷ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች። ለቆሮሶ የሚጠቅመው የመረቡ ዓይን ሰፋ ብሎ ትንንሹን ማሳለፉ ነው። ሦስቱን በአንድ ሕግ መጠበቅ አይቻልም። እኔን ቢጠይቁኝ ከባርበሱ እጀምር ነበር፤ አንድ ቦታ ስለሚሰበሰብ በቀላሉ ያልቃል፣ በዚያው ልክም በቀላሉ ይጠበቃል።

የብርብራን ነገርም መናገር አለብኝ። የቡናችን ጥላ የሆነው ይህ ዛፍ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣ ያፍናል። ትልቅ ትንሽ ሳይል፣ እንቁላል ያላትን ሳይለይ። የወንዝ አፍ ላይ በመውለጃ ወቅት ከተደረገ የአንድ ዓመት ትውልድ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። መርዝና ፈንጂ በመጠቀም ማጥመድ በፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የተከለከለ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ደግሞ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ገበያውን የሚያሞቀው ዓሣው ለመውለድ በሚወጣበት ሰሞን ነው ማለት ነው። አጥማጁን ያለ ምትክ «አቁም» ማለት ከጉሮሮው መንጠቅ ነው። ወንዙ አፍ ላይ እንዳይጥል፣ መሀል ሐይቁ ላይ ግን እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ሁሉንም ከመዝጋት ይሄ ይሻላል፤ ሰዉም ይቀበለዋል።

መቼ እንደሚዘጋ ለማወቅ እኛ የዓሣ ደረጃና መስታወት አያስፈልገንም። ዓሣ የሚያጸዱትን ሴቶች መጠየቅ ይበቃል። ሆዱን ሲከፍቱ እንቁላል መኖሩን የሚያዩት እነሱ ናቸው። የአጥማጆች ማኅበር አንድ ደብተር ይዞ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ቀኑን፣ የዓሣውን ዓይነት፣ እንቁላል መኖር አለመኖሩንና የተያዘበትን ቦታ ቢጽፍ፣ በሁለት ክረምት ውስጥ የግልገል ጊቤ ባርበስ የሚወጣበት ሳምንት ከነቦታው ይታወቃል።